ሰባተኛው ደረጃ

«የሚሸጥ ቤት» ብዬ በቀይ ቀለም ጻፍኩኝ፣
እጨጌ ቤት ወርጄ ከወይራው በር አሰርኩኝ፤
ስልኬንም ጨመርኩኝ ከታች በትልቁ፣
ደላላ እንዳለው አላፊዎች ይወቁ።

«የነጋድራስ ውብነህ ቤት» ይሉታል ሽማግሎች፣
«የቀበሌው ቤት» ይሉታል ጎልማሶች፣
«ያ ጨለማው ቤት» ይሉታል ልጆች።
እኔ ግን ደላላ ነኝ፣ የማውቀው በካሬ፣
አራት መቶ ስልሳ ብሎታል ደብተሬ።

ግንቡ ጥቁር ድንጋይ፣ በኖራ የታሰረ፣
ጣራው የዛገ ቆርቆሮ፣ ሣር የነበረ፣
እልፍኙ ለአምስት ተከራይ በኮምፖርሳቶ የታጠረ፣
በስንት ደጅ ጥናት ወደ ወራሽ የዞረ።

ወራሾች ሦስት ናቸው።
የባሕር ዳሩ ወንድም በውክልና ፈረመ፣
የደባርቋ ታናሽ «ሽጡት» ብላ ሄደች፣ ልጇ ስለታመመ።
ታላቋ እንጉዳይ ብቻ፣ ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ፣
ገዢ በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ትቆማለች፣ ማንም ሳይጠራ።

አንዱ ግድግዳ አንኳኳ፣ ጆሮውን ለጠፈ፣
አንዱ ለጽሕፈት ቤት አለ፣ ዋጋ ሲሰማ አለፈ፣
አንዷ ባለ ካሜራ፣ ከአዲስ አበባ የመጣች፣
«ነፍስ አለው ይሄ ቤት» ብላኝ በዚያው ወጣች።
ነፍስ በካሬ ሜትር ስንት ብር ታወጣለች?

በመጨረሻ አቶ ጫቅሉ፣ የመተማ የሰሊጥ ነጋዴ፣
ከነመሐንዲሱ ሲገባ፣ እሰይ አለ ሆዴ፤
ፊት ፊት መራሁት፣ አፌ ቅቤ እንደ ልማዴ።
«ከላይ አሥራ ሁለት መኝታ፣
ከታች ምግብ ቤት፣ ጓሮው የመኪና ቦታ»
እያለ ሲወጣ ደረጃውን በእርጋታ፣
አንድ፣ ሁለት… ስድስት፣
ሰባተኛው ላይ ወደቀ። ስልኩ እታች ተንከባለለ፤
መሐንዲሱ ሊደግፈው ሲሮጥ፣ እዚያው ላይ ተከተለ፤
እንጉዳይ ከታች ሆና፣ ከንፈሯ ብቻ ፈገግ አለ።
(መጀመሪያ ቀን እኔም ወድቄያለሁ፤ ያየኝ ሰው ግን የለ።)

«ይቅርታ ልጄ፣ ልነግርህ ይገባኝ ነበረ፤
ያ ድንጋይ በአራት ጣት ከፍ ብሎ ነው የተሰደረ።
አያቴ ነው ያስገነባው፣ እላይ አሞሌና ብር ያሳደረ።
ቤተኛ በጨለማም እግሩን ከፍ ያደርጋል፣
ባዳ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ቤቱ ይነቃል።
አባቴ ሰክሮ እንኳ ሲገባ፣ አንድ ቀን አልሳተውም፤
በደርግ ፈታሾች መጡ፣ በሌሊት፣ ቤቱን አያውቁትም፤
ጠብመንጃቸው ሰባተኛው ላይ ሲንኳኳ፣
ወንድሜ በጓሮ ወጣ፣ ጫማውን ሳያደርግ እንኳ።»

አቶ ጫቅሉ ጉልበቱን አሸት አሸት አድርጎ፣
«ቀድሞ የሚፈርሰው ይሄ ነው» አለ፣ መሐንዲሱን በዓይኑ ፈልጎ።
እኔም «ልክ ነው ጌታዬ» አልኩ።

ቤቱ ተሸጠ። ሦስት ምስክር ቆመ፣ ውሉ ተፈረመ፣
የኔም ኪስ የከረመ ቁስሉ ታከመ።
በጥር፣ ከጥምቀት ማግሥት፣ ቀሪ ወረቀት ላደርስላት
አዘዞ ኮንዶሚኒየም ሄድኩ፤ ልጇ አራተኛ ፎቅ ተከራይቶላት።
መብራት ጠፍቶ ነበር። ታች አገኘኋት፣ ዘይት ገዝታ፤
«ተከተለኝ» አለችኝ፣ ግድግዳውን በመዳፏ አግኝታ።

ደረጃው ሲሚንቶ ነው፣ አንድ በአንድ የተለካ፣
ሌባና ባለቤት እኩል የሚወጡት ኖሯል ለካ።
አንድ፣ ሁለት… ስድስት፤
ሰባተኛው ላይ እንጉዳይ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ፣
እግሯን ከፍ አደረገች፣ የሌለውን አራት ጣት በአየር ላይ ፈልጋ።
ካሰበችው ዝቅ ብሎ፣ እግሯ ጧ ብሎ አረፈ፤
ቆመች። ዘይቱ በጀሪካኑ ተንቦጫረቀ፤ ዝምታ አለፈ።

እኔ ከኋላዋ ነኝ።
ስንት ገዢ ወሰድኩ እዚያ ቤት፣ ስንት ቀን፣ ስንቴ፣
አልቆጠርኩም፣ እምላለሁ፣ እንኳን ደረጃ ዕዳዬንም በሕይወቴ፤
ግን እዚያ ጨለማ ውስጥ፣
ሰባተኛው ላይ ስደርስ፣ ከፍ አለ ጉልበቴ።